የስምንት ሰዓት ከአርባው አውቶቡስ

ማላጋ ምኗ ይስባል ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፤
እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ቆሜ እንዳይ ማን ፈቀደልኝ?
ያየሁትን ሁሉ ያየሁት ሲያልፍ ነው፣
ግማሹን በመስኮት፣ ግማሹን ኋላዬን በሚያሳይ መስታወት ነው።

ጠዋት በባሕሩ ጥግ አሮጌ ጀልባ አለች፣
መቅዘፍ ትታ ምድጃ የሆነች።
ሆዷን አሸዋ ሞልተው፣ ባሸዋው ላይ ፍም፣
ሰርዲኗ በሸምበቆ ተሰክታ፣ ከፍሙ ራቅ ብላ ስትቆም፣
ስቧ ጠብ ሲል፣
ጭሱ ሳያንኳኳ ይገባል፣ እንደ ዘመድ።
“ሹፌር በሥራ ላይ አይብላ” ይላል የኩባንያው ደንብ፤
ኤውሎሂዮ ሁለቷን በወረቀት ጠቅልሎ ይወረውርልኛል ከግንብ።

ከእሱ ወዲያ፣ ከሰሜን የመጡት በየፎጣቸው ላይ፣
ቅባት ተቀብተው ተሰጥተዋል ለፀሐይ።
በየሩብ ሰዓቱ ይገለበጣሉ፣ አንዴ በጀርባ፣ አንዴ በደረት፤
ማንም አይናገር፣ እንደ ጸሎት።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሲል ሞተሬን አስነስቼ፣
ባሕሩን ለኤውሎሂዮ ትቼ፣
ወደ አክሳርኪያ ኮረብታ፣ ሽቅብ።
መንገዱ ይጠመዘዛል፣ አሮጌው ሞተር ያቃስታል፤
ወይራው በነፋስ ቅጠሉን ገልብጦ ብር ያሳያል፤
የለውዙ ዛፍ ገደል አፋፍ ቆሞ ማንን እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል?
ነጫጭ ቤቶች፣ አንዱ ያንዱን ትከሻ ተደግፎ፣
ታች ባሕሩ፣ ዝም ብሎ፣ ዳር እስከ ዳር ተነጥፎ።

እዚያ ዳገት ላይ ናት እህቴ ኦብዱልያ።
ወይኗን ታሰጣለች፣ ዘለላ ካጠገብ ዘለላ፣
በየማለዳው ታገላብጠዋለች፣ እንደ ታመመ ልጅ ቀስ ብላ።
ያችኑ ፀሐይ፣ ያንኑ መጋደም አይቼ ለብቻዬ እስቃለሁ፤
የታቹ ቀልቶ ይሄዳል፣ የላዩ ጠቁሮ ይጣፍጣል እላለሁ።

አምና በመስከረም እጅ የምታህል ደመና ከባሕር ወጣች።
ከተማው ውስጥ ደመና ጌጥ ናት፤
ኦብዱልያ ዘንድ ግን ያንድ ዓመት ዕዳ ናት።
ከመንገዱ ማጠፊያ ድምፅዋ ተሰማኝ፦ “ወይኔ! ወይኔ!”
ሀዘኗን ይሁን ሀብቷን የጠራችው፣ ከየት ልወቀው እኔ?

ፍሬን ያዝሁ። በሩን ከፈትሁ። “ውረዱ” አልሁ፤ አላብራራሁም።
ዘጠኝ ሰው ነበር፦ ነርስ፣ ሁለት ተማሪ፣
የማጠቢያ ማሽን ቱቦ የታቀፈ ጎልማሳ፣ የቀሩትን አላስታውስም፤
ደግሞ መውረጃዋን የሳተች፣ ቬብከ የምትባል የሮስቶክ ሴት፣
ትከሻዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ቋንቋችን የማይገባት።

እሷ ናት ቀድማ የሸራውን ጫፍ የያዘችው።
አንድ ጫማዋ ወለቀ፤ አልተመለሰችለትም።
ፀሐይ ልትሞቅ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣
ፀሐይ ያበሰለውን ስትሸፍን አየኋት፣ በጉልበቷ ተንበርክካ።

ዝናቡም መጣ።
ሰባት ጠብታ። ምናልባት ስምንት።
አንዷ መነጽሬ ላይ።
ከዚያ ደመናው፣ እንዳፈረ እንግዳ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤
ኦብዱልያ መሬት ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣
እንባዋም እውነቱን ነበር፣ ወረደ።

ለየሰዉ እፍኝ እፍኝ ዘቢብ። ቬብከ ከነዘሩ አኘከችው።
ሠላሳ አንድ ደቂቃ ዘገየሁ።
“የመዘግየት ምክንያት” በሚለው ባዶ ቦታ “ዘቢብ” ብዬ ሞላሁ፤
አለቃዬ ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ቀስ ብሎ ነው የሚያናግረኝ።

ማታ ስንወርድ ከተማው መብራቱን ለኩሶ፣
ሽማግሌው ቀን ሙሉ በደረቀ እሾህ ላይ የሰካው ጃስሚን
አሁን ገና አፉን ከፍቶ፣ ሽታው እስከ መሪው ደርሶ።
ቬብከ ወርዳ እጇን አወዛወዘች።
ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እናንተ ግን ምኗ ይስባል አላችሁኝ።
እንጃ።
ወለሉን ስጠርግ፣ ከመጨረሻው ወንበር ስር፣
አልፎ አልፎ አንዲት ዘቢብ ትገኛለች።
እፍ ብዬ አፌ ውስጥ አደርጋታለሁ፤
የባሕሩ አሸዋ ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሻል፣
ጣፋጭ ናት።